በሚኒሶታ ቻይንኛ ያስተረጎምሁበት ነሐሴ

ከጉዞዬ ከተመለስሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «እንግሊዝኛሽ እንዴት ሆነ?» ብሎ ነው። እውነቱን ስነግረው ያሾፍሁበት ይመስለውና ይቀየመኛል። አሜሪካ ሄጄ፣ ሚኒያፖሊስ ጥግ እህቴ ቤት ሰንብቼ፣ ምላሴን ያደከመው ቻይንኛ ነበር። ለእያንዳንዱ ከምምል አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ሰብለ እባላለሁ፤ አዲስ አበባ ዳርቻ ባለ አንድ የጫማ ፋብሪካ የቻይንኛ አስተርጓሚ ነኝ። ቋንቋውን የተማርሁት በነጻ የትምህርት ዕድል ሄጄ ሃርቢን በምትባል የሰሜን ቻይና ከተማ ነው። ሃርቢን ክረምት ላይ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ተጠንቅቆ ነው። ስለዚህ ብርድ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር፤ ኩራቴ ግን ሚኒሶታ የሚለውን ስም ሲሰማ ተንበረከከ።

ሐሙስ

ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ ሚኒሶታ ከገባች ጀምሮ በስልክ ስታወራ ከአፏ የማይጠፋው በረዶ ነው። መኪናዋ በረዶ ውስጥ ጠፋች፣ በሩ በበረዶ ተደፈነ፣ ባሏ በረዶ ሲዝቅ ወገቡን ያዘው። ስለዚህ ልሄድ ነው ስል የሠፈራችን ሰው እንደ ዘማች አዘጋጀኝ። አንዷ ሹራብ፣ አንዷ የሱፍ ካልሲ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ደግሞ ወታደር ሳሉ የለበሱትን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ካፖርት ይዘው መጡ።

«ለብሰሽው ግቢ። ሻንጣ ውስጥ አይገባም» አሉኝ።

እውነትም አልገባም። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ካፖርቱ ጭኑ ላይ ሲያርፍበት ጊዜ፣ ሌላ ሰው አቅፌ የገባሁ መስሎት አስተናጋጇን ጠራ።

ዓርብ

መሐል ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ሚኒያፖሊስ የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የተቀበለኝ የእህቴ ባል ጋሽ ቶለራ ነበር። ጋሽ ቶለራ ፎርት ስኔሊንግ ካለው ኤርፖርት ታክሲ ስለሚነዳ፣ እኔን ለመቀበል ከሥራው መቅረት እንኳ አላስፈለገውም። የመስታወቱ በር ሲከፈት የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተ ያህል ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ።

«ሰብሊ! ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች እያየ።

«ብርድ ነው አላላችሁም?»

«ብርዱ እኮ በጥር ነው! አሁን ሰመር ነው። ያ ዋቅ፣ አምላኬ! አውልቂው፣ ሰው እያየን ነው!»

ካፖርቱን ለሁለት ተሸክመን የታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አጋደምነው። በጎን አልፎ የሄደ አንድ የኤርፖርት ሠራተኛ በኦሮምኛ «ሬሳ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀና ሁለቱ እየተሳሳቁ ተለያዩ።

እህቴ የምትኖረው ሮቢንስዴል በምትባል ጥግ ከተማ፣ ከምትሠራበት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተከረከመ ነው። ሰው ግን የለም። እኛ ጋ ሰው ይበዛል፣ መንገድ ያንሳል፤ እዚያ መንገዱን ለማን እንደሠሩት የምትጠይቀው ሰው አታገኝም። አንዲት ሽኮኮ መሳይ ረጅም ጅራት ያላት ፍጥረት ብቻ በር ላይ ቆማ ተቀበለችን።

እትዬ ብርቄ ሺፍቷን ጨርሳ ስትመጣ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን፣ ተያየን፣ እንደገና አለቀስን። ልጃቸው ኬና ሃይስኩል ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራት፣ እዚያው የተወለደች ልጅ ናት። እናቷ በአማርኛ፣ አባቷ በኦሮምኛ ይናገሯታል፤ እሷ ለአንዳቸውም ሳታዳላ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

ውኃ ስጠይቅ ኬና በረዶ የሞላ ብርጭቆ አመጣችልኝ። ከቻይና ከተመለስሁ ወዲህ ያልተወኝ አመል አለ፤ የምጠጣው የፈላ ውኃ ነው። ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ልክ እንደ ሜይ ግራንፓ!» አለች። ለኬና ይህ ረጅም የአማርኛ ንግግር ነው።

እትዬ ብርቄ አስረዳችኝ። ሜይ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የኬና ጓደኛ ናት። አያቷን አባባ ታን ይሏቸዋል፤ ከሰማንያ ያለፉ ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው። የሜይ አባት የእሳቸው ልጅ ነበር። እናቷ ሊንዳ ደግሞ የዚያው የሚኒሶታ ሰው፣ ፕሊማውዝ በምትባል ጎረቤት ከተማ ቢሮ የምትሠራ ደግ ሴት ናት። ልጃቸው በሕይወት ሳለ በአባትየውና በቤተሰቡ መካከል የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ለሽማግሌው የቀረላቸው «ኦኬ» እና «ኖ» ብቻ ነው።

«አሁን ሜይ የፊታችን ሐሙስ ለትምህርት ቻይና ልትሄድ ነው። ከሰሙ ጀምሮ ሽማግሌው 'ኦኬ' ማለታቸውንም ትተዋል። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ቁጭ ነው» አለች እህቴ።

«ምን አስከፋቸው?»

«ማን ይጠይቃቸው? በምን አፍ?» አለችና በእጇ ጭኗን መታች። «ውይ! አንቺ አለሽ እኮ!»

ለዕረፍት የመጣሁ መሆኔን ላስታውሳት አልሁ፤ ጋሽ ቶለራ ግን ስልኩን አንሥቶ ለሊንዳ መንገር ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣሁ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር ወገብ የማይደርስ ነው፤ እኛ ጋ በግ እንኳ አያግድም። በወዲህ በኩል የጋሽ ቶለራ ጎመን፣ በወዲያ በኩል እንደ ወባ ሕመምተኛ ቆዳው ብርድ የመታው የሚመስል ጎርበጥባጣ አረንጓዴ ፍሬ የተንጠለጠለበት ሐረግ አለ። ከሐረጉ ሥር ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ አጎንብሰው ይኮተኩታሉ።

«እንደምን አደሩ አያት፣ በልተዋል ወይ?» አልኋቸው በቻይንኛ። እዚያ አገር ሰላምታ እንዲህ ነው።

ቀና አሉ። እኔን አዩ። ከእኔ ኋላ ያለውን በር አዩ። ዛፉ ላይ አዩ። ከዚያ «ሬዲዮ የከፈተው ማነው?» አሉ ለራሳቸው።

«እኔ ነኝ አያት።»

መኮትኮቻው ከእጃቸው ወደቀ። አጥሩ ድረስ መጥተው አፌን ትኩር ብለው ተመለከቱት። «ከየት ነሽ?» አሉኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«እሱንማ አየሁ። ቻይንኛሽ ከየት ነው?»

«ከሃርቢን።»

«ለካ ለዚህ ነው ምላስሽ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለለው» አሉና ሳቁ። ከውስጥ በመስኮት ታይ የነበረችው ሜይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አያቷ ሲስቁ ካየች ቆይቷል ማለት ነው።

ይህን የሰማ ጋሽ ቶለራ ቲሸርቱን ሳያስተካክል ወጣ። «ሰብሊ፣ በእናትሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ይህን መራራ ነገር በየሳምንቱ በከረጢት ይሰጠኛል። ምን በድዬው ነው?»

ጠየቅሁ። ሽማግሌው የጋሽ ቶለራን ሆድ በጣታቸው አመለከቱ። «ስኳር አለበት አይደል? ሚስቱ መርፌ ስትወጋው በመስኮት አይቻለሁ። ፍሬው ለስኳር ደግ ነው። እሱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲጨምረው አያለሁ፤ እኔም መስጠቴን አልተውሁም፣ እሱም መጣሉን አልተወም።»

ሳስተረጉምለት ጋሽ ቶለራ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከሐረጉ ላይ ፍሬ ቀጠፈና ጥሬውን ገመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አንገቱ ተገተረ፣ ግን ዋጠ። «ቆንጆ ነው በይልኝ» አለኝ በሰለለ ድምፅ።

«ተቀቅሎ ነው የሚበላው በይው» አሉ አባባ ታን።

እሑድ

ሊንዳ ለእራት ጠራችን። ጠረጴዛው ላይ አባባ ታን የሠሩት፣ ሥጋ ተከትፎ በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ ዳምፕሊንግ አለ፤ እትዬ ብርቄ የወሰደችው ዶሮ አለ፤ ሊንዳ የሠራችው፣ ከላዩ ድንች የተደረደረበት የአገሯ የመጋገሪያ ትሪ ምግብ አለ።

በሦስት አገር ይሉኝታ መካከል መብላት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የሚኒሶታ ሰው ሳህን ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራሽ አይነካም፤ ነውር ነው። እትዬ ብርቄ ደግሞ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ካላለች ያበላች አይመስላትም። አባባ ታን ሳይጠይቁ ሰው ሳህን ላይ ይጨምራሉ። የመጨረሻዋን ዳምፕሊንግ ሊንዳ ለሁለት ከፈለቻትና ግማሿን ተወች። እህቴ ግማሿን ለሊንዳ አጎረሰቻት። ሊንዳ በድንጋጤ ዋጠች። አባባ ታን ይህን አይተው ተነሡና ከኩሽና ሌላ ሙሉ ሳህን አመጡ። እንደ አዲስ ተጀመረ።

ምግቡ ሲነሣ ሊንዳ እጆቿን አጣምራ ወደ እኔ ዞረች። «ብትጠይቂልኝ፣ የማያስቸግርሽ ከሆነ ማለቴ ነው፣ የሜይ መሄድ ለምን እንዳስከፋው» አለች። የሚኒሶታ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «ውኃ ቢገኝ አይከፋም ነበር» ነው የሚለው።

ጠየቅሁ። አባባ ታን የፈላ ውኃቸውን ፉት አሉ። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ እኔም ተከትዬ ማስተርጎም ጀመርሁ፤ አንድ ጊዜ ለሊንዳና ለሜይ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ ለጋሽ ቶለራ በአማርኛ።

«የተወለድሁት ኢንዶኔዥያ፣ ሜዳን ከተማ ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የምንማረው የቻይናውያን ትምህርት ቤት ነው፤ አስተማሪዎቻችን 'አገራችሁ እንደ አዲስ እየተሠራች ነው፣ የተማረ ሰው ትፈልጋለች፣ ተመለሱ' ይሉናል። አይተናት የማናውቃትን አገር 'ተመለሱ' ሲሉን ማንም አልሳቀም። በየደሴቱ ያሉ ወጣቶች በመርከብ ይሄዱ ነበር። በዚያ ወደብ የሄደ ላይመለስ ፈርሞ ነው የሚሄደው። እኔ ያኔ ልክ እሷን አክል ነበር» አሉ ሜይን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ለእናቴ 'ጓደኛዬን ልሸኝ ወደብ እሄዳለሁ' አልኋት። ሸኚ ነኝ ብዬ ተሸኚ ሆንሁ። መርከቡ ላይ ሆኜ ወደቡ ላይ እጁን የሚያውለበልበውን ሰው ሁሉ አየሁ፤ ለእኔ የሚያውለበልብ አልነበረም።»

ጋሽ ቶለራ አፍንጫውን በሶፍት ያዘ።

«ጊታር፣ ብስክሌት፣ አበባ አበባ ያለው ሸሚዝ ይዤ ገባሁ። ጓንግጆ ወደብ ላይ በከበሮ ተቀበሉን። ከየባሕር ማዶው ለተመለሱ ተማሪዎች ብቻ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከጃቫ፣ ከማላያ፣ ከበርማ፣ ከሲያም። ሁላችን የየቀበልኛችንን ቻይንኛ እንችላለን፤ አንዳችን የአንዳችንን አንሰማም። አስተማሪያችን በየንግግራችን ራሱን እየነቀነቀ 'በጣም ጥሩ' ይል ነበር፤ በኋላ ምንም እንደማይገባው ነገረን። እኛ ቤታችን እንደለመድነው ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ውኃ እንታጠባለን፤ ክረምት ሲገባም አልተውንም። የሠፈሩ ሰው እብዶቹን ለማየት ይሰበሰባል። ብርዱ ሲጠና አበባ ያለባቸውን ሸሚዞቼን ሁሉ ደራርቤ ለበስሁ። የአትክልት ቦታ መስዬ ክፍል ስገባ አስተማሪው ትምህርቱን አቋረጠ።»

ሜይ ሳቀች። አያቷም ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸው ተመለሰ።

«ሜዳን ሳለሁ 'ቻይናዊው' ነበርሁ። ቻይና ስገባ 'ከውጭ የመጣው' ሆንሁ። እዚህ ስመጣ ደግሞ 'ካራቴ ታውቃለህ?' ይሉኛል። ተማርሁ፣ የግድብ መሐንዲስ ሆንሁ። ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ለእናቴ መጻፍ አቆምሁ። ገጠር ሰደዱኝና አሳማ ጠበቅሁ። የአገሩ በር ሲከፈት ሚስቴንና ሕፃን ልጄን ይዤ ሆንግ ኮንግ ወጣሁ፤ እናቴ ግን ሞታ ቆይታ ነበር። እዚህ መጥቼ ሴንት ፖል ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ሆንሁ። ንገሪያት፤ አትሂድ። አገሯ የምትገባ ይመስላታል፤ እንግዳ ነው የምትሆነው።»

ነገርኋት። ፋብሪካ ውስጥ የማስተረጉመው ስለ ሙጫና ስለ ሶል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አፌ አልለመደም። ሜይ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረች ቆየች።

«'አገሯ የምትገባ ይመስላታል' ነው የሚለኝ? እኔ እዚያ የምመለስበት አገር የለኝም። የተወለድሁት እዚሁ ነው። የምሄደው እንግዳ እንደሆንሁ አውቄ ነው። እንግዳ ምን ክፋት አለው? እንግዳን ሰው ያበላዋል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ ንገሪው። አባዬ ከሞተ በኋላ ከእሱ ጋር የማወራው 'ብላ' እና 'በሩን ዝጋ' ብቻ ነው። ቋንቋውን የምማረው ከእሱ ጋር ለማውራት ነው።»

ይህን ሳስተረጉም መሐሉ ላይ ቆሜ ውኃ ጠጣሁ። አባባ ታን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ይህን ሁሉ መንገድ ከእኔ ጋር ለማውራት? እኔ እዚሁ አይደለሁም እንዴ?»

ሜይ ስትሰማ ከወንበሯ ተነሣች። «አንተ አታወራማ!»

ሊንዳ ሳቀች፣ እህቴ ሳቀች፣ ጋሽ ቶለራ እያለቀሰ ሳቀ። አባባ ታን ግን አልተሸነፉም። ልንወጣ ስንል ኮሌታዬን ያዝ አድርገው «ንገሪያት፤ ሽኝት ላይ አልገኝም። እኔ ሽኝት አልወድም» አሉኝ።

ሰኞ

ጠዋት ሜይ አጥሩ ጋ ወንበር አምጥታ ጠበቀችኝ። እስከ ሐሙስ የምትችለውን ያህል ልትማር ነው። ኬናም «አይ አም ጀስት ዋቺንግ» ብላ ሣሩ ላይ ተዘረጋች።

ቁጥር ጀመርን። በእኔ በሃርቢኑ አነጋገር አራት «ስ» ነው፣ ዐሥር «ሽ» ነው፤ አርባ አራት «ስ-ሽ-ስ» ይሆናል። የደቡብ ቻይና ሰው ግን ሁሉንም «ስ» ይለዋል። አባባ ታን ጀርባቸውን ሰጥተውን ይኮተኩታሉ። እኔ በተናገርሁ ቁጥር ግን ትከሻቸው ይነቃነቃል። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ልጅቷን አታበላሺብኝ! 'ስ-ስ-ስ' ነው!» ብለው ዞሩ።

«አያት፣ እንዲያማ ከሆነ ዐሥራ አራትና አርባ በምን ይለያሉ?»

«በዓይን! ሰው ሲናገር ፊቱን አታዪም?»

በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሆነን እኔ «ስ-ሽ-ስ» እሳቸው «ስ-ስ-ስ» ስንባባል፣ ጋሽ ቶለራ በቁምጣ እየሮጠ ወጣ። የታክሲው ጎማ የተነፈሰ መስሎት ነው።

ከዚያች ሰዓት በኋላ አስተማሪው እሳቸው ሆኑ፤ እኔ ረዳት ሆኜ ተሾምሁ። ሜይ ደክሟት «አያቴ፣ መተኛት እፈልጋለሁ» ልትል አስባ፣ በቻይንኛ ቃል የሚለየው በድምፁ መውጣትና መውረድ ነውና፣ ድምፁን ስታዛንፈው «አያቴ፣ ዳምፕሊንግ እፈልጋለሁ» ሆነ። አባባ ታን ምንም ሳይሉ ገቡ። ልጅቷ ተኝታ ሳለ እንፋሎቱ የሚጨስ ሳህን ይዘው ቀሰቀሷት።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ኬና ሹካዋን አስቀመጠችና እናቷን አየቻት። «ማም፣ እኔስ? አዲስ አበባ ሄጄ ብማርስ?» አለች፤ በአማርኛ፣ ያውም ሙሉውን።

እትዬ ብርቄ ጭልፋውን ድስቱ ላይ ጣለች። «ምን ጎደለሽ? ምን አጥተሽ?»

«ሃዳ ኬና፣ ረጋ በይ» አላት ባሏ። የኬና እናት ሆይ እንደማለት ነው። «ልጅቷ እኮ በአማርኛ ነው የጠየቀችሽ።»

«በእንግሊዝኛ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር!» አለች እህቴ። ነገሩ እስከ ዛሬ እንዳልተቋጨ በስልክ ትነግረኛለች።

ማክሰኞ

ሊንዳ ፈቃድ ወስዳ ሁላችንንም ወደ ክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ ትርዒት ወሰደችን። ገበያ ነው ብል ገበያ አይደለም፣ ንግሥ ነው ብል ንግሥ አይደለም፤ ሰው ግን እንደ ሁለቱም ነው። ያ ከመጣሁ ጀምሮ የጠፋብኝ ሕዝብ ለካ እዚያ ተሰብስቦ ኖሯል። ላም ይታያል፣ አሳማ ይታያል፣ የሚበላው ነገር ሁሉ እንጨት ላይ ተሰክቶ ይሸጣል። ቋሊማው በእንጨት፣ ኬኩ በእንጨት፣ ኮምጣጣው ኪያር በእንጨት። አባባ ታን እየዞሩ ካዩ በኋላ «እኛ በእንጨት የምንበላው ሁለት አድርገን ነው፤ እነዚህ ግማሹን ብቻ ነው የተማሩት» አሉ።

ከአሳማዎቹ ዘንድ አልነቀል አሉ። ለካ ገጠር ሳሉ ያረቡት ዓይነት አግኝተው ነው። እሳቸውን ስጠብቅ ከሌሎቹ ተለየን። የእኔ ስልክ ያገሬ ነው፣ እዚያ አይደውልም፤ የእሳቸው ቤት ነው የቀረው። ስንዞር፣ ስንዞር፣ ስንዞር ያንኑ በቅቤ የተቀረጸ የሴት ልጅ ምስል ደጋግመን ስላገኘነው በመጨረሻ ሰላም ማለት ጀመርን።

የጠፋ ሰው የሚገኝበት ድንኳን ገባን። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ በጎ ፈቃደኛ በዝግታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እንግሊዝኛ ትናገራላችሁ?» አለች። የድካም ነገር ሆኖ በቻይንኛ መለስሁላት። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ አባባ ታንን አየች፣ እንደገና እኔን አየችና «አንድ ደቂቃ» ብላ ሄደች። ይዛ የመጣችው ሻርፕ የለበሰች ወጣት ሶማሌ ነበረች፤ ልጅቷ በደስታ በሶማልኛ ለቀቀችው። እኔ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ» አልኋት። «እሺ፣ እሺ» አለችና ሮጣ ሄዳ ቋሊማ የሚሸጥ አንድ የጎንደር ልጅ ጠርታ መጣች።

«እትዬ፣ ምን ልርዳሽ?» አለኝ በአማርኛ።

«ቻይናዊት ልጅ ጠፍታብናለች።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የእሳቸው የልጅ ልጅ።»

«እናቷስ?»

«ነጭ ናት።»

ልጁ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እና አንቺ ምናቸው ነሽ?»

እኔም መልሱን አላወቅሁትም። አባባ ታን ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። «ዘመዳችን ናት በይው» አሉኝ። አልሁት። ሊንዳና ሜይ እየሮጡ ሲገቡ ልጁ ለሁላችን በእንጨት የተሰካ ቋሊማ ይዞልን ቆሞ ነበር።

ረቡዕ

ዝናብ ስለዘነበ ቤት ዋልን። በመስኮት አሻግሬ ሳይ አባባ ታንና ሜይ ኩሽናቸው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እሷ ትደግማለች። እኔን የጠራኝ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት የሜይን ሻንጣዎች ልንጭን ስንወጣ ታክሲው ፊት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። አባባ ታን ናቸው፤ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ቀበቶውን ጠፍረው።

«ሽኝት አልወድም ብለው አልነበረም?» አልኋቸው።

«አልወድም። ቶሎ ንዳ በይው።»

ሜይ የፍተሻው ሰልፍ ጋ ስትደርስ እናቷን አቀፈች፣ ኬናን አቀፈች፣ እኔን አቀፈች። አያቷ ፊት ቆመችና በቻይንኛ «አያቴ፣ ደርሼ እደውላለሁ» አለቻቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሥራዬ መስሎኝ።

«ድምፁ ወደ ላይ ነው የሚወጣው» አሉ እሳቸው።

ደገመችው።

«አሁን በጣም ወጣ።»

ሦስተኛ አለችው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ በሚኒሶታ ጨዋነት ሰዓቱን እየሰረቀ ያያል። አባባ ታን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ጥሩ» አሉ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ዞረው መሄድ ጀመሩ። ሜይ እያለቀሰች ትስቃለች።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ቶለራ ማቆም ክልክል የሆነበት ቦታ ፓርክ አድርጎ ከተቆጣጣሪው ጋር ይከራከራል። ወዲያው ግን ክርክሩ ወደ ኦሮምኛ ዞረ፣ የየወረዳቸውን ስም ተጠያየቁ፣ ተጨባበጡ። ሊንዳ ኬናን ይዛ በራሷ መኪና ሄደች። እኛ ልንነሣ ስንል አባባ ታን ክንዴን ያዙ።

«ጠይቂው። አውሮፕላኑ ሲነሣ የሚታይበት ቦታ ያውቃል?»

የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ይህን አያጣውም። ከአጥሩ ውጪ፣ ሰዎች መኪናቸውን አቁመው አውሮፕላን የሚያዩበት አንድ ጠፍ ቦታ ወሰደን። ሣሩ ከትናንቱ ዝናብ ገና እርጥብ ነው። ብዙ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ አንድ ትልቅ አውሮፕላን እያጓራ በራሳችን ላይ ተነሣ። አባባ ታን ባርኔጣቸውን አውልቀው አውለበለቡ።

«እሷ ናት?» አሉኝ።

«አላውቅም አያት። ከዚህ ሆኖ አይታወቅም።»

ሌላ ተነሣ። አውለበለቡ። ሌላም ተነሣ። አውለበለቡ። ክንዳቸው ሲደክም በግራ እጃቸው ቀየሩ። ጋሽ ቶለራ ጥቂት አይቶ ከታክሲው ወረደና እሱም በሁለት እጁ ማውለብለብ ጀመረ፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ተሳፋሪ ይጠራዋል፣ አያነሣውም። እኔም ቆሜ ማየት አሳፈረኝና ነጠላዬን አንሥቼ ተቀላቀልሁ። የትኛው እንደሆነ ስላላወቅን አንድም አላሳለፍንም።

ቆይቶ አንዱ ከወዲያ በኩል ጎማውን ዘርግቶ ዝቅ እያለ መጣ። አባባ ታን ለእሱም ባርኔጣቸውን አነሡ።

«አያት፣ ይሄኛው እኮ እየመጣ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ማውለብለባቸውን ሳያቋርጡ። «ለእሱም የሚያውለበልብለት ይኑር።»